ሦስት ሜትር

ቀያሽ ነበርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ከደባርቅ እስከ መተማ፣ ዳገት ቁልቁለቱ ሁሉ
በዚህ እግር ተለክቷል፤
በብረት ሰንሰለት ተጎትቶ ደብተሬ ላይ ተኝቷል።

ዛሬ ጠዋት ትርንጎ መጣች፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣
አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት፣ እንደ እኔው ለክቶ አዳሪ።
«ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ምን እንደሚያደክማቸው
እናጠናለን» አለችኝ። አረጋውያን! እኔ ነኝ እነዚያ ሁላቸው?
በአንቱታ ካልሆነ በቀር ብዙ ሆኜ አላውቅም፣
ወንበር ግን ሰጠኋት፤ እንግዳ አይናቅም።

ወለሌን በሜትር ለካች፣ በጠመኔ ምልክት ጣለች፣
«ያለ እጅ ይነሡ፣ ሦስት ሜትር ይሂዱ፣ ይመለሱ» አለች።
አየሁት። ሁለት ከሰማንያ ነው፤ ከዚያ አንድ ጣት አያልፍም።
ቀያሽ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወለሉ አይዘረፍም።
ሜትሩን ተቀብዬ፣ ሃያ ሳንቲሙን መለስኩ፤
ከዚያ አንዴ ሳትኩ፣ አንዴ ጉልበቴን ለመንኩ፣
ተነሣሁ።
ሄድኩ። ዞርኩ። መዞሩ ነው እንጅ መሄድስ አይከብድም፤
ወለሉ አብሮ ይዞራል፣ እግር ያመነውን ዓይን አይወድም።
አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ጻፈች። ፊቷን አልለወጠችም፤
ጥሩ ሐኪም ይወጣታል፣ ቁጥሩን አይታ አልደነገጠችም።

«ወድቀው ያውቃሉ?» «አንዴ።» (ሦስቴ ነው፤ አንዱ ደረጃው ላይ፣
አንዱ መብራት የጠፋ ሌሊት፣ አንዱ ሰው እያየኝ፣ አደባባይ።
የሦስተኛው ስብራት ራጅ ቢነሣ አይታይም፤
ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከጫማዬ አይለይም።)

«ደረጃ ይወጣሉ?» ሃያ ሁለት ነው ከዚህ እስከ መንገዱ፣
የጣልያን ጊዜ ጥርብ ድንጋይ፣ እንደ ሳሙና የሟሟ ሆዱ።
መያዣ ብረት ነበረው፤ ካቻምና ክረምት ተነቀለ፣
ቀበሌው «እናያለን» እንዳለ፣ ይኸው ዛሬም እንዳለ።
ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ይመጣል፤ ጄሪካን ግማሽ እሞላለሁ፣
ሙሉውን ነበር የማነሣው፣ ግማሽ መሆን ተምሬያለሁ።
ቅጿ ለዚህ ቦታ የለውም። «ሌላ» ከሚለው ጎን ጻፈች፣
ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ዳር ዳሩን ሞልታ ጨረሰች።

«ድሮ የት ድረስ ይሄዱ ነበር?»
«በየቀኑ፣ እስከ ቀሃ።»
«አሁንስ?»
«እስከ ዳቦ ቤቱ።»
«ጉልበትዎ ነው?»

ጉልበቴ ነው ልላት ነበር። ጉልበት ሰበብ አያሳፍርም፤
ሁሉ ያውቀዋል፣ ቅባት አለው፣ ሌላ ጥያቄ አይጭርም።
ግን አንዴ ዋሽቻለሁ ለዛሬ፤ ሁለተኛውን አልደፍርም።

ዳኘው ነበረ እዚያ ታች፣ ከወንዙ ማዶ፣
ከሩቅ ሲያየኝ በዘለፋ የሚቀበለኝ ማልዶ፤
ዳማ ገበታውን ዘርግቶ፣ ቆርኪ ለቆርኪ ስንበላላ፣
ተሸናፊው ዳቦ ይገዛል፣ አሸናፊው ነው የሚበላ።
የጥምቀት ማግስት ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ፣ የኔ ልጅ፣
እግሬ አይደለም ያጠረው፤ መድረሻ ነው ያጠረኝ እንጅ።

ዝም አለች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመ።
የትኛው ሣጥን ይበቃዋል፣ ሰው አልቆበት ለደከመ?

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፤
የሩጫ ሰዓቷን ጠረጴዛዬ ላይ፣ እየሮጠ፣ ረስታ ሄደች።
ማቆሚያውን ፈለግሁ፤ በሞራ ዓይን ሦስቱም ቁልፍ አንድ ናቸው፣
ቁጥሮቹ ይፈስሳሉ፣ አባራሪ ያለ ይመስል ከኋላቸው።
ማራኪ ነው ግቢያቸው።
ያንን መንገድ እኔ ነኝ የለካሁላቸው።

ኮቴን ለበስኩ።
ሃያ ሁለት ድንጋይ። አንድ እጅ ለግድግዳው፣ አንድ እጅ ለሰዓቱ።
ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ያ ነበር የአገሬ ዳር ጫፉ፣ ቤቱ፤
ችካሉን በዓይኔ ነቀልኩት። ጉልበቴ እያጉረመረመ፣
አስፋልቱን አብሮኝ ተሻገረ፣ ማዶ ስንደርስ ቆመ።

ከጫማ ጠራጊው ሣጥን ጎን አረፍ አልኩ።
«ጋሼ ተገኘ፣ ወዴት ነው?»
ስንት ወር ሆነኝ ይህን ሳልሰማ፣ ወዴት ነው የሚል ሰው!
«ሰው ይጠብቀኛል» አልኩት። (ሁለተኛው ውሸት ይኸው።)

ኪሴ ውስጥ ሰዓቱ ይሮጣል፤
አርባ ሰባት ደቂቃ ሆኗል።
ይሩጥ።
እኔ እሄዳለሁ።